ከመያዝ ጥበብ ወደ መልቀቅ ጥበብ

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ከጦርነትና ከሮማ ጳጳሳት ጋር ከነበረው ጠብ በተረፈው ጊዜ አብዝቶ የሚወደው በጭልፊት ማደን ነበር። በ1240 ገደማ የአንጾኪያው ቴዎድሮስ የተባለ የቤተ መንግሥቱ ሊቅ፣ ሞአሚን በሚል ስም የሚታወቀውን የዐረብኛ መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲመልስለት ትርጉሙን ያረመው ንጉሡ ራሱ ነው። መጽሐፉ ከአደን ይልቅ አብዝቶ የሚናገረው ስለ አዳኝ አዕዋፍ በሽታና መድኃኒት ነበር።

የጥንት አዳኞች ሕክምናውን የተማሩት ከጥቅም የተነሣ ነው። ላባዋ የተሰበረ ጭልፊት ማደን ስለማትችል፣ ባለሙያዎቹ ቀደም ሲል የረገፈ ጤነኛ ላባ ፈልገው በቀጭን መርፌ ከተሰበረው ጉቶ ጋር ይቀጥሉላታል። ይህን ዘዴ የዛሬ አካሚዎችም ይሠሩበታል። ልዩነቱ ከዓላማው ላይ ነው። ያኔ ወፏ የምትድነው ወደ ጌታዋ እጅ እንድትመለስ ነበር፤ ዛሬ ግን ወደ ሰማይዋ እንድትሄድ ነው።

ይህን ለውጥ ያመጣው የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መከራ ነው። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት በሚበሉት እንስሳ በኩል ወደ አዳኝ አዕዋፍ ገብቶ የእንቁላላቸውን ቅርፊት ስላሳሳው፣ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፔሪግሪን የተባለችው ፈጣን ጭልፊት ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጨርሶ ጠፋች። ለመሆኑ ማን ይድረስላት? የደረሱላት በጭልፊት የሚያድኑት ሰዎች ነበሩ። ራሱ የጭልፊት አዳኝ የነበረው የወፍ ተመራማሪ ቶም ኬድ በ1970 የፔሪግሪን ፈንድን ከባልደረቦቹ ጋር አቋቋመ። ጫጩቶቹን በሰው ጥበቃ አራብተው፣ በገደል ወይም በማማ ላይ በተሠራ ሣጥን ውስጥ እያኖሩ፣ መጋቢውን ሳያዩ እንዲመገቡና ቀስ በቀስ ማደን እንዲለምዱ አደረጉ። ይህም ከአዳኞቹ የተወረሰ የቆየ ዘዴ ነው። ዲዲቲ በ1972 በአሜሪካ ታገደ፤ ጭልፊቷም በ1999 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ወጣች። በ1974 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጎዱ አዳኝ አዕዋፍን የሚያክም ማዕከል ከፈተ።

በምሥራቅ አፍሪካም ታሪኩ ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። በኬንያ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከጭልፊትና ከንስር ጋር የኖረው ሳይመን ቶምሴት፣ ዛሬ በናይቫሻና በሶይሳምቡ ከሚያክሙት ወገኖች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል። አጥንት መጠገን የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ በአልጋ የሰነበተ ሰው እግሩ እንደሚዝል ሁሉ፣ ታስሮ የሰነበተ ንስርም ክንፉ ስለሚዝል በየቀኑ እየበረረ ጉልበቱን መመለስ አለበት። ሰው እጅ ላይ ያደገ ጫጩት ደግሞ ራሱን ከሰው ወገን ስለሚቆጥር፣ ወደ ዱር ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ይሁንና የሐኪም እጅ ብቻውን የሚበቃ አልሆነም። በ2022 የታተመ ጥናት በኬንያ በ1970ዎቹ የተደረገውን ቆጠራ ከቅርብ ዓመታት ቆጠራ ጋር ቢያስተያይ፣ ከ22 የአዳኝ አዕዋፍ ዓይነቶች 19ኙ ቀንሰው ተገኙ። በእርሻ ዳር አይጥ እያደነ ገበሬውን የሚጠቅመው ኦገር ባዛርድ የተባለው አሞራ በ91 በመቶ አንሷል። በሕዝብ አፍ ንስር የግርማ ምሳሌ ሲሆን የጥንብ አንሳ ስም ግን ለስድብ ይውላል፤ አሁን የከፋው አደጋ የደረሰው በዚሁ በተናቀው ወገን ላይ ነው። ከብቱን አንበሳ ወይም ጅብ የበላበት አርብቶ አደር ሬሳው ላይ መርዝ ሲነሰንስ፣ ጥንብ አንሶች በመንጋ ወርደው በአንድ ቀን ያልቃሉ። እንዲህ ላለቀ መንጋ ሐኪም ምን ያደርጋል?

የፖርት ሱዳን ታሪክ መልሱን ያመለክታል። በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ለግማሽ ምዕተ ዓመት የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለውን ነጭ አሞራ ሲገድል ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሬሳዎቹን ያየ ተመራማሪ ቢኖርም፣ መስመሩ ከአገልግሎት የወጣው ጉዳዩ በ2010 እንደገና ከተጠና በኋላ፣ በ2014 ነው። ከሬሳዎቹ አጠገብ የሚያክም ሰው ቢቀመጥ ኖሮ ጥቂቶቹን ባዳነ ነበር፤ ብዙዎቹን ያዳነው ግን የሽቦው መለወጥ ነው።

ይኸው አሞራ የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል፤ በአፋር ሜዳም በብዛት ተሰብስቦ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያድራል። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ አዲስ መስመር የሚዘረጋ መሐንዲስ፣ ምንም እንኳ የወፍ ሐኪም ባይባል፣ ምሰሶውን ከመትከሉ በፊት ሽቦውን በመሸፈኑ ወይም በማራራቁ ከማንኛውም ማዕከል የበለጠ ክንፍ ሊያድን ይችላል። ሐኪሙም የሰበራውን ምክንያት መዝግቦ ለመሐንዲሱና ለአርብቶ አደሩ ካላደረሰ፣ ዛሬ አድኖ የለቀቀው ንስር ነገ በዚያው ሽቦ ላይ ማረፉ አይቀርም።