137 ከ138

ስለ ምርጫ ሲወራ ሁሌም ትዝ የሚለኝ 137 ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ያኔ ቦረና፣ መካነ ሰላም ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮኑን አቅፎ "እንዲህም ይቻላል ለካ!" ይል ነበር።

ግን በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሳ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከተማዋም በ1998 ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

በ2000 የአካባቢ ምርጫ መጣ። የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ደረሰ፤ በመላ አገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ገደማ። ኢህአዴግ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ወሰደ።

አባቴ መርጦ ሲመለስ "ማን አሸነፈ?" አልኩት።

"ማን ተወዳደረና ልጄ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ውጤት ስሰማ ከወንበሩ ብዛት በፊት የምጠይቀው ማን እንደተወዳደረ፣ ማንስ እንደተረከበ ነው።