ቤት ሲፈርስ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ከአቃቂ ጭቃ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም

ቤት ሲፈርስ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመሥራት ወራት የፈጀው ግድግዳ በግማሽ ቀን ይናዳል። «ማፍረሻው ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማሽን ኪራይና አፈሩን የሚጭነው መኪና ዋጋ ይነገራችኋል። ይሄ ግን ከሒሳቡ ትንሹ ነው። ትልልቆቹን ወጪዎች ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ቦታውም የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ አቃቂ ቃሊቲ ይሁን።

ፈትቶ መግጠም

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም በአቃቂ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ በብዛት መግባት ጀመረ።

እንግዲህ የአቃቂ ቤት አሠራር ይኸው ነው፦ ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ከጤፍ ጭድ ጋር የቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ቤቱ ሲያረጅ የበሰበሰው ቋሚ ይቀየራል፣ ግድግዳው እንደገና ይመረጋል። ቢፈርስ እንኳ ቆርቆሮው ተነቅሎ ሌላ ቤት ላይ ይመታል፣ እንጨቱ ለአጥር ወይም ለማገዶ ይሆናል፣ ጭቃው አፈር ይሆናል። ማፍረስ ማለት ፈትቶ መግጠም ማለት ነበር።

መሬቱ የሚበላው ገንዘብ

አሁን ወደ ታች፣ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። የአቃቂ ሜዳ አፈር አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። ጫማ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለው፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው እሱ ነው። ምክንያቱ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ ቀጫጭን ንጣፎች የተሠራ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ በንጣፎቹ መሀል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ውኃው ይወጣና አፈሩ ይኮማተራል። በዚህ አፈር ላይ ያለ ቤት በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ መልሶ ይወርዳል።

የጭቃ ቤት ይህን ይችለዋል። ቀላል ነው፤ እንጨቱም ትንሽ ይታጠፋል። የሚሰነጠቀው ጭቃ በሚቀጥለው በጋ ይለሰናል። የብሎኬት ቤት ግን መታጠፍ አያውቅም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይጣልና በምትኩ ገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። አዲሱ ቤት ገና ከመሬት ሳይወጣ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ለዚህ ነው።

ሳይፈርስ የፈረሰ ቤት

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ቀነሰ፤ ርካሾቹን ቤቶች የማስተዳደሩ ሥራም ለቀበሌ ተሰጠ። ተከራዩ እፎይ አለ። ነገር ግን የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልታደሰ አይቆምም፤ የሚሰበሰበው ኪራይ ደግሞ ለእድሳት አይበቃም ነበር። ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ገንዘብ ለመጠገን ያመነታል። በዚህ መንገድ ብዙ ቤቶች ማሽን ሳይነካቸው ቀስ በቀስ ፈረሱ። ያልተከፈለ የእድሳት ወጪ አይጠፋም፤ ተጠራቅሞ ይቆይና አንድ ቀን የማፍረሻ ወጪ ሆኖ ይመጣል።

የሲሚንቶ ዘመን

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተስፋፋ። በአቃቂ ቃሊቲም እንደ ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ ያሉ ሰፈሮች ተነሡ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃጥሎ ነው። ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 እስከ 8 ያህሉ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። የኮንክሪት ቤት ሲፈርስ ፌሮው ቀልጦ እንደገና ብረት ይሆናል፤ ኮንክሪቱ ግን እንደ ጭቃው ተመልሶ አይቦካም።

ጎረቤት በብር ሲተመን

ታዲያ የሚከፍለው ማን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ቦታችሁ ለልማት ሲፈለግ ካሳ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላፈራችሁት ንብረት ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ቤቱን በወቅቱ ዋጋ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ እንዲከፈል ደነገገ። እርሻውን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬም የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ አሰበለት። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ለአርባ ዓመት ቢኖርበትም የቤቱ ካሳ የእሱ አይደለም። ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ሲሰጠውም፣ በ20/80 ፕሮግራም ከዋጋው ከመቶ 20 ቅድሚያ መክፈል ነበረበት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተቆጠረ ነገር አለ፤ አስተዋላችሁት? ዕድሩ የታል? በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ልጅ የሚጠብቁት ጎረቤት እማማስ? በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ከመሀል ከተማ ተነሥተው አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ድረስ ሄደዋል። የቤት ዕቃ በአይሱዙ ይጫናል፤ ዕድር ግን አይጫንም።

ሕጉም ዘግይቶ ይህን አየ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የገበሬውን አሥር እጥፍ ወደ አሥራ አምስት ከፍ ከማድረጉም በላይ፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል የሚል ሐሳብ አስገባ። ጎረቤት ማጣት ወጪ መሆኑ በሕግ ተጻፈ ማለት ነው። መጠኑን በብር መተመን ግን ሌላ ጣጣ ነው።

እስቲ በሰፈራችሁ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ሰው ጠይቁ፦ ቤታቸው ሲሠራ ጭቃውን ማን አቦካ? ማገሩን ማን መታ? የሚነግሯችሁን ስሞች ቁጠሩ። ቤቱ ሲፈርስ ከሒሳቡ መዝገብ የሚጎድሉት እነዚያ ስሞች ናቸው።