«ሰደፍ»፤ የአንድ ስያሜ ታሪክና የተርጓሚው ኃላፊነት

የጦር መሣሪያ ስያሜዎቻችን በአንድ መንገድ ብቻ የተገኙ አይደሉም። «መድፍ»ና «ነፍጥ» ከዐረብኛ የመጡ ሲሆን፣ «ጠመንጃ» ወይም «ጠበንጃ» በቱርክኛ የእጅ መሣሪያን ከሚያመለክተው «ታባንጃ» ጋር ይዛመዳል። «ሽጉጥ» ግን «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መሣሪያውን የሰየመው አያያዙ ነው። የጠመንጃውን የኋላ አካል የሚጠራው «ሰደፍ»ም ከአያያዝ ጋር የተቆራኘ ፍች አለው፤ ይኸውም ተኳሹ ትከሻው ላይ የሚያስደግፈው ክፍል ማለት ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ይሠራበት የነበረው የእጅ ነፍጥ በእንጨት ዘንግ ላይ የተሰካ የብረት ቱቦ ነበር፤ ተኳሹም ብዙውን ጊዜ ዘንጉን በብብቱ ሥር ይይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ቅርጽ እያገኘ ወደ ትከሻ ወጣ። ዓይን ከአፈሙዙ ጋር ተስተካከለ፤ ግፊቱንም ትከሻ ተቀበለው። ይሁን እንጂ ጉንጭ ባሩድ ወደሚፈነዳበት ስፍራ ቀረበ። ስለዚህ የቱቦውን ጥንካሬ ማረጋገጥ ግዴታ ሆነ። የለንደን የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 እ.ኤ.አ. ቻርተር አገኘ፤ የበርሚንግሃም የመፈተሻ ቤት ደግሞ በ1813 በሕግ ተቋቋመ። በእነዚህ ቤቶች ቱቦው ከተለመደው በበለጠ ባሩድ ተተኩሶበት ካልተሰነጠቀ ማኅተም ይመታበታል።

ሰደፍ ስያሜን ራሱን የሚለውጥበት ጊዜም አለ። በ1896 የወጣው የማውዘር ሽጉጥ የእንጨት አፎቱ ከእጀታው ጋር ሲገጠም ሰደፍ ይሆናል፤ የተሸጎጠው መሣሪያ ያን ጊዜ ከትከሻ የሚተኮስ ይሆናል። በ1934 የወጣው የአሜሪካ የመሣሪያ ሕግም አጭር አፈሙዝ ያለውን፣ ከትከሻ እንዲተኮስ የተሠራ መሣሪያ ከሽጉጥ ለይቶ በሌላ ምድብ አስቀምጦታል።

ለተርጓሚ የሚያስቸግረው የድንች መወርወሪያ ቱቦ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኮርንዎል ተሠርቶ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ የተተከለው የሆልማን መሣሪያ በታመቀ አየር ወይም በእንፋሎት ቦምብ ይወረውር ነበር፤ መርከበኞችም ለመዝናኛ ድንች ይተኩሱበት ነበር። እርሱ ግን ከመርከቡ ወለል ጋር የታሰረ ብረት ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚሠራው በአብዛኛው ለውኃ የተዘጋጀ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ የታመቀ ጋዝ ሲበዛበት እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ስባሪው ይበተናል። የትከሻ እንጨት ሲጨመርበት ማነጣጠር ይቀላል፤ ዳሩ ግን ፊት ከሚፈነዳው ክፍል ጋር ይጎራበታል።

እንግዲህ የመሥሪያ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ይህን ጭማሪ «ሰደፍ» ብሎ ቢያልፍ፣ ተፈትኖ ማኅተም ያገኘውን ጠመንጃ እምነት ላልተፈተነ ቱቦ ማውረሱ ነው። አንባቢው «ሰደፍ» ሲል ጉንጩን ያስጠጋልና። ስለሆነም «የትከሻ ድጋፍ» የሚለው ገላጭ ስያሜ ይመረጣል፤ ቱቦው ለጋዝ ያልተሠራ ከሆነ በትከሻ ሊያዝ እንደማይገባውም በዚያው ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ ይገባል። የሙያ ቃል ዕቃን ብቻ አይጠራም፤ ዕቃው እንዴት እንደሚያዝም ያዝዛል።