ዓሩስ፡ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት የተሻገሩበት የቀይ ባሕር መዝናኛ

ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በረሃው ከቀይ ባሕር ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ዓሩስ የተባለ ትንሽ የመዝናኛ መንደር ነበር። መንደሩን በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጀመሪያ የገነቡት የጣልያን ባለሀብቶች ናቸው። ይሁን እንጂ መብራት፣ የቧንቧ ውኃና ደህና መንገድ ስላልነበረው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ባለሀብቶቹን ወደዚያ የሳባቸው ባሕሩ ነው። የሱዳን የኮራል ዐለቶችና ደሴቶች ከሰሜን ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ተነስተው በስተደቡብ እስከ ሱዋኪን ደሴቶች ይዘልቃሉ። ከፖርት ሱዳን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሳንጋኔብ፣ ክብ ሠርቶ የቆመ የኮራል ዐለት ከጥልቅ ባሕር ይነሳል። ፈረንሳዊው አሳሽ ዣክ ኩስቶ በ1963 ሰዎች ለሳምንታት የሚኖሩበትን የባሕር ውስጥ ቤት የሠራው በዚሁ አካባቢ፣ ሻዕብ ሩሚ በተባለ ዐለት ላይ ነበር። ዩኔስኮም በ2016 ሳንጋኔብንና ዱንጎናብን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ቀን እንግዳ፣ ሌሊት ስደተኛ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወደ ሱዳን መሰደድ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ መምህሩ ፈረደ አክሉም ሲሆን፣ ከሱዳን ሆኖ የላከው የእርዳታ ጥሪ ለእስራኤሉ የስለላ ተቋም ሞሳድ ደረሰ። ሱዳን ግን የዐረብ ሊግ አባል እንደመሆኗ፣ ስደተኞቹን በግልጽ ወደ እስራኤል መውሰድ የሚታሰብ አልነበረም።

ሞሳድ መፍትሔውን ያገኘው በዓሩስ ነው። ሰላዮቹ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ሠራተኞች መስለው መንደሩን ከሱዳን መንግሥት ተከራዩ፤ ጠግነውም ለጎብኚዎች ክፍት አደረጉት። ከአውሮፓ ጠላቂዎች፣ ከካርቱምም ዲፕሎማቶች እየመጡ ገንዘባቸውን ከፍለው ተዝናኑ። የመጥለቂያ ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል የሬዲዮ መገናኛ መደበቁን ግን አላወቁም።

አንዳንድ ሌሊት ሰላዮቹ ከገዳሪፍ አቅራቢያ ካሉ መጠለያዎች ስደተኞችን በጭነት መኪና አሳፍረው፣ በርካታ የፍተሻ ኬላዎችን አልፈው ወደ ባሕሩ ያመጡ ነበር። በዳርቻው የእስራኤል ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው ከባሕሩ መካከል ወደሚጠብቅ መርከብ ያደርሷቸዋል። ባሕር አይተው ለማያውቁት የደጋ ሰዎች፣ ለሌላው መዝናኛ የሆነው ውኃ የመጨረሻው አስፈሪ መንገድ ነበር።

በ1982 የሱዳን ወታደሮች በአንድ የማሻገር ሌሊት ደርሰው ተኩስ ከከፈቱ በኋላ፣ ጉዞው በረሃ ላይ በሚያርፉ አውሮፕላኖች ተተካ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ ደግሞ ከ6,000 በላይ ሰዎች ከካርቱም በአውሮፕላን ተወሰዱ። ፕሬዝዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ በሚያዝያ 1985 ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ሰላዮቹ እንግዶቻቸውን ትተው በሌሊት ከመንደሩ ወጡ።

ሁሉም ግን አልተሻገረም። በመንገድና በመጠለያ በረኃብና በበሽታ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

የተገለበጠው መንገድ

ከጦርነቱ በፊት ፖርት ሱዳን ለካርቱም ነዋሪዎች የጫጉላ ሽርሽር ከተማ ነበረች። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ የዐማራት ሠፈር ጎረቤት በመሆኑ፣ ለሠፈሩ ሰዎች ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ከደጃፋቸው ይጀምር ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ውጊያው ሲፈነዳ ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ ይኸው ማረፊያ ሆነ። ሱዳናውያንም በካርቱም ይኖሩ የነበሩ የውጭ ዜጎችም ወደ ፖርት ሱዳን ጎረፉ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሄዱት ለመዝናናት ሳይሆን ነፍሳቸውን ለማትረፍ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የቤተ እስራኤላውያን መውጫ የነበረው ያ የባሕር ዳርቻ፣ ዳግም የሚሸሹ ሰዎች መዳረሻ ሆነ።