ዒላማ ተኩስ ለጀማሪዎች፦ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ማኅበር መግባት

በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ተራ መነጽር አድርጎ፣ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያነጣጥር የሚያሳየው ፎቶግራፍ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ብዙዎች የ51 ዓመቱ ጎልማሳ ከመንገድ ገብቶ የብር ሜዳሊያ ይዞ የወጣ መስሏቸው ተገረሙ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዲኬች ከቤጂንግ 2008 ጀምሮ ለአምስተኛ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈ አንጋፋ ተወዳዳሪ ነበር። እጅን ኪስ ውስጥ መክተትም የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። የስፖርቱ ደንብ ሽጉጥ በአንድ እጅ ብቻ እንዲያዝ ያዛል፤ ሥራ የሌለው እጅ ሰውነትን እንዳያናውጥ ኪስ ውስጥ ወይም ቀበቶ ላይ ያርፋል። ከሩቅ ሲታይ ቀላል የመሰለው ነገር የብዙ ዓመታት ልምምድ ፍሬ ነው።

መሣሪያ ሲነሣ የብዙ ኢትዮጵያውያን ሐሳብ አስቀድሞ ወደ ጦርነትና ወደ ሐዘን ይሄዳል። ስለዚህም በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የዒላማ ተኩስ ቡድን መመዝገቢያ ቅጽ ይዞ ሲመጣ ቢደነግጥ አያስገርምም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ወላጅና ስፖርቱን ራሱ ለመሞከር ለሚያስብ ጎልማሳ፣ ከየት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚያስፈልግና የትኛው ስሕተት ብዙ እንደሚያስከፍል ያስረዳል።

ስፖርቱ ምን ምን ዘርፎች አሉት?

ዒላማ ተኩስ በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ከነበሩት ስፖርቶች አንዱ ነው። የዘመናዊውን ኦሊምፒክ ጽንሰ ሐሳብ ያፈለቁት ፒየር ደ ኩበርተን ራሳቸው ሽጉጥ ተኳሽ ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ1904ና ከ1928 በስተቀር በሁሉም የበጋ ኦሊምፒኮች ውድድሩ ተካሂዷል። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ1907 የተቋቋመ ሲሆን፣ የውድድሮቹን ደንብ የሚያወጣው እርሱ ነው።

የኦሊምፒኩ ውድድሮች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ጠመንጃ፣ ሽጉጥና የሸክላ ዒላማ ናቸው። በጠመንጃ 10 ሜትር ላይ በአየር ግፊት ጠመንጃ፣ 50 ሜትር ላይ ደግሞ በአነስተኛ ጥይት ተንበርክኮ፣ በደረት ተኝቶና ቆሞ ይተኮሳል። በሽጉጥ የ10 ሜትር የአየር ግፊትና የ25 ሜትር ውድድሮች አሉ። በሦስተኛው ክፍል ተወዳዳሪው 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን፣ በማስፈንጠሪያ የሚወረወር ጠፍጣፋ የሸክላ ዒላማ አየር ላይ እንዳለ ሊሰብረው ይሞክራል።

ለጀማሪ የሚመከረው የ10 ሜትሩ የአየር ግፊት ውድድር ነው። በቤት ውስጥ ይካሄዳል፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ጥይቱም 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ እርሳስ ናት። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በጠመንጃው ዒላማ ላይ አሥር ነጥብ የምታስገኘው የመሐል ክብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእርሳስ ጫፍ ከተነካች ነጥብ አትበልጥም። የሽጉጡ ዒላማ የመሐል ክብ ሰፋ ብሎ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የመጀመሪያው በር፦ ማኅበሩ

የጀማሪዎች ትልቁ ስሕተት ከመሣሪያ መሸጫ መጀመር ነው። ትክክለኛው መነሻ በአካባቢው የሚገኝ፣ በአገሩ የተኩስ ፌዴሬሽን የታወቀ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለጀማሪ መሣሪያ ያውሳል፤ አሠልጣኝ ይመድባል፤ ሕጉንም ያስተምራል። አብዛኞቹ ማኅበራት የማስተዋወቂያ ቀን ስላላቸው፣ አንድ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ስፖርቱ ይስማማው እንደሆነ ማየት ይችላል።

ጥሩ ማኅበር የሚታወቀው በመሣሪያው ውድነት ሳይሆን በሥርዓቱ ነው። በመጀመሪያው ጉብኝት ወቅት ኃላፊው ማን እንደሆነ መጠየቅ፣ የተኩስ መስመሩ እንዴት እንደሚመራ ማየት፣ ለጀማሪዎች የተመደበ አሠልጣኝ መኖሩን ማረጋገጥ ይበጃል። ስለ ደኅንነት ሳይነግር መሣሪያ የሚያስጨብጥ ቦታ ከሆነ አመስግኖ መውጣት ይሻላል።

ከሁሉ የሚቀድሙት የደኅንነት ሕጎች

በየትኛውም አገር ያለ ማኅበር መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ሕጎች በይዘታቸው ተመሳሳይ ናቸው።

አንደኛ፣ ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንደ ጎረሰ ተቆጥሮ ይያዛል። ባዶ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው እንኳ ይህን ልማድ አይተውም።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ምንጊዜም ወደ ዒላማው አቅጣጫ ይዞራል። ሰው ሲጠራን ከነመሣሪያው ዞር ማለት ከባድ ጥፋት ነው።

ሦስተኛ፣ ለመተኮስ እስኪወሰን ድረስ ጣት ከቃታው ይርቃል።

አራተኛ፣ ዒላማውንና ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን ሳያውቁ አይተኮስም።

በተኩስ መስመር ላይ ያለው ኃላፊ «አቁሙ» ባለ ጊዜ፣ ቃታ ሊስብ የነበረ ተኳሽ ጭምር ወዲያውኑ ያቆማል። ተኩስ በማይኖርበት ጊዜ ጥይት አለመጉረሱን የሚያሳይ ደማቅ ቀለም ያለው ገመድ መሣሪያው ውስጥ ይደረጋል። ይህ ምልክት ሳይታይ ማንም ወደ ዒላማው አይሻገርም። የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ባሩድ ባላቸው ውድድሮች ጆሮን መሸፈንና እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ከልምምድ በኋላ ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብም የዚሁ ሥርዓት አካል ናቸው።

አቋም፣ እስትንፋስ፣ ቃታ

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ጥሩ ተኳሽ ይሆናል ብሎ ያስባል። አሠልጣኞች ግን ከዓይን በፊት የሚያርሙት እግርን ነው። ሰውነት ከዒላማው ጋር ሳይስማማ ክንድን በኃይል ወደ መሐል መጎተት ጡንቻን ያደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። አቋሙ መስተካከሉን ለማወቅ አነጣጥሮ ዓይንን ለአፍታ መጨፈን፣ ከዚያም መግለጥ ነው። ማነጣጠሪያው ወደ ጎን ሸሽቶ ከተገኘ፣ መንቀሳቀስ ያለበት ክንድ ሳይሆን እግር ነው።

ቀጥሎ እስትንፋስ ይመጣል። ደረት ሲነሣና ሲወርድ መሣሪያውም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ ተኳሹ አየሩን በከፊል አስወጥቶ ለጥቂት ሰከንዶች ይይዛል። ረጅም ጊዜ ከያዘ ዓይኑ ይፈዛል፤ እጁም ይርገበገባል። በዚህ ጊዜ አስተዋይ ተኳሽ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ እንደ ገና ይጀምራል። ያልተተኮሰ ጥይት ነጥብ አያስቀንስም፤ ተጣድፎ የተተኮሰ ግን ያስቀንሳል።

በሽጉጥ የሚወዳደር ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው በዒላማው ላይ ሳይሆን በመሣሪያው የፊት ማነጣጠሪያ ላይ ነው። ዒላማው ደብዘዝ ብሎ ቢታይ ችግር የለውም፤ ቃታውም ቀስ በቀስ፣ ሳይነጠቅ ይሳባል። ጥይቱ ከወጣ በኋላ እንኳ ተኳሹ ለአንድ ሁለት ሰከንድ በያዘው አቋም ይቆያል።

ከዚህ አብዛኛው ያለ ጥይት ሊለመድ ይችላል። ባዶ መሣሪያ ይዞ አቋምን፣ እስትንፋስንና ቃታን መደጋገም የታላላቅ ተወዳዳሪዎች የዕለት ሥራ ነው። ይህም ቢሆን በአሠልጣኝ ፈቃድ፣ ከላይ የተጠቀሱት ሕጎች ሳይጓደሉ የሚደረግ ነው።

መሣሪያ መግዛት መቼ?

ለመጀመሪያዎቹ ወራት የማኅበሩ መሣሪያ ይበቃል። ከመሣሪያው በፊት ልክ የሆነ ጫማ፣ የመከላከያ መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ይቀድማሉ። በደብተሩ ላይ የዕለቱ ውጤት፣ የተሰማው ስሜትና የተማረው ነገር ይጻፋል። ጠመንጃ ለሚመርጡ ሰውነትን የሚደግፍ ወፍራም ጃኬትና ሱሪ ኋላ ላይ ያስፈልጋል፤ ይህንም አንዳንድ ማኅበራት ያውሳሉ።

ሲገዙም ደንቡን ማወቅ ከኪሳራ ያድናል። በዓለም አቀፉ ደንብ የ10 ሜትር ጠመንጃ ክብደት ከ5.5 ኪሎ ግራም፣ ሽጉጥ ደግሞ ከ1.5 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም፤ የሽጉጡ ቃታም ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መሸከም አለበት። ያገለገለ የአየር መሣሪያ የሚገዛ ሰው በአየር ማጠራቀሚያው ላይ የተጻፈውን የተሠራበትን ቀን ያንብብ። የማጠራቀሚያው የአገልግሎት ዘመን በአብዛኛው አሥር ዓመት በመሆኑ፣ በርካሽ የተገኘው መሣሪያ ብዙም ሳይቆይ ተጨማሪ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል

ከአገሩ ውጭ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ስሕተት ይህኛው ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ባሩድ ያለው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአገሪቱ የሚኖር ሰውም እንዲሁ ተከልክሏል። በመተኮሻ ስፍራ ለጥቂት ደቂቃዎች ተውሶ መያዝም «መያዝ» ሊባል ይችላል። የጦር መሣሪያ ጥፋት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው ጭምር ከአገር ሊያስባርር የሚችል ምክንያት ነው። የአየር ግፊት መሣሪያ በፌዴራሉ ሕግ ከዚህ ውጭ ቢሆንም፣ እንደ ኒው ጀርሲ ያሉ ግዛቶች እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ዜግነት ያላገኘ ሰው መሣሪያ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባዋል።

በጀርመን ልጆች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በወላጅ ፈቃድና በኃላፊ ክትትል በማኅበር ውስጥ በአየር መሣሪያ መለማመድ ይችላሉ። ባሩድ ያለው የስፖርት መሣሪያ ባለቤት ለመሆን ግን ቢያንስ አንድ ዓመት በማኅበር አዘውትሮ መለማመድና የዕውቀት ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው።

በብሪታንያ ከ1996ቱ የደንብሌን ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ በ1997 የወጡት ሕጎች አብዛኞቹን ሽጉጦች ከግል እጅ አስወጥተዋል። በእንግሊዝና በዌልስ አቅማቸው በሕግ የተወሰነ የአየር መሣሪያዎች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ በስኮትላንድ ግን ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ያስፈልጋቸዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስፖርቱ የተከበረ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ በ2004 በአቴንስ በአሕመድ አል ማክቱም የተገኘው በሸክላ ዒላማ ተኩስ ነበር። ኩዌታዊው ፈሃይድ አል ዲሃኒም በ2016 በሪዮ በዚሁ ክፍል ወርቅ አግኝቷል። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ሠራተኛ በታወቀ የተኩስ ማኅበር ውስጥ ከመሞከር አልፎ መሣሪያ ለማስመጣትም ሆነ ለመግዛት ማሰብ የለበትም።

ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ ሰው ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩን ልብ ይበል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት ወንጀል ነው። የአየር ጠመንጃንም ቢሆን የሚመለከተውን የመንግሥት አካል ሳይጠይቁ በስጦታ መልክ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

የመጀመሪያው ውድድር

በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የሚለማመድ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በማኅበሩ ውስጣዊ ውድድር ሊሰለፍ ይችላል። በአየር ግፊት ውድድር ሙሉው መርሐ ግብር 60 ጥይት ነው፤ ከዚያ በፊት ነጥብ የማይያዝበት የ15 ደቂቃ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል። ዋናው ተኩስ በኤሌክትሮኒክ ዒላማ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። ለጀማሪዎች ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በመጀመሪያው ቀን የጎረቤትን ውጤት አለመመልከት፣ ከመጥፎ ጥይት በኋላ መሣሪያውን አስቀምጦ እስትንፋስን ማረጋጋትና ሁሉን ጊዜ አለመጨረስ እንዳይመጣ ሰዓትን መከታተል ይጠቅማል።

የዕድሜ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ካለ፣ ስዊድናዊው ኦስካር ስዋን በ1920 በአንትወርፕ ሜዳሊያ ሲያገኝ 72 ዓመቱ ነበር። የጆርጂያዋ ኒኖ ሳሉክቫድዜ ከ1988 እስከ 2024 በአሥር ኦሊምፒኮች ተሰልፋለች፤ በሪዮ ከወንድ ልጇ ጋር አብራ ተወዳድራለች። ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች በ1938 በእጅ ቦምብ አደጋ ቀኝ እጁ ከጥቅም ውጭ ሲሆን በግራው መተኮስ ተማረ፤ በ1948ና በ1952ም የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ስፖርቱ ከ1976 ጀምሮ በፓራሊምፒክም ይገኛል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጠመንጃ ውድድር ወንዶችና ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ይተኩሳሉ፤ ለአንዳንድ ተማሪዎችም የትምህርት ድጋፍ ያስገኛል።

ወደ ጀመርንበት ወላጅ ስንመለስ፣ ልጁ የያዘውን ቅጽ ከመቅደድም ሆነ ሳያነቡ ከመፈረም የሚሻለው ከልጁ ጋር ሄዶ አንድ የልምምድ ቀን ማየት ነው። አሠልጣኙ «አቁሙ» ሲል አዳራሹ ወዲያው ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ልጁ ሊማር የሄደው በመጀመሪያ ራስን መግዛት መሆኑን ወላጁ በዓይኑ ያያል።