የደስታ በሽታ ጠፋ፣ ፓስተሬላ ግን ለምን ቀረ?

ማክሰኝትና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ጥንቸልን ለሥጋ ማርባት የተለመደ አይደለም። በእምነትም በባህልም ምክንያት ወደ ማዕዳችን አልቀረበችም። በሌላው ዓለም የጥንቸል አርቢዎችን ሲያከስር የኖረው ፓስተሬላ የተባለው ባክቴሪያ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ዶሯችንንም በጋችንንም ይገድላል።

ስሙ የተወሰደው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። ፓስተር የዶሮ ኮሌራን ጀርም አስረጅቶ ዶሮዎችን ቢወጋ ጥቂት ታመው ዳኑ፤ ኋላ ኃይለኛው ጀርም ሲሰጣቸውም አልሞቱም። ይህን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። (የዶሮ ኮሌራና ፈንግል ይለያያሉ፤ ፈንግል የሚመጣው በቫይረስ ነው።)

የጥንቸሏ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1887 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ግጦሹን የጨረሱበትን የዱር ጥንቸሎች ለሚያጠፋለት 25,000 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ፓስተርም ይህንኑ የዶሮ ኮሌራ ጀርም ይዞ ቀረበ። ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ የወይን ጠጅ ድርጅት ግቢ ሲሞከር ጥንቸሎቹ አለቁ። በ1888 ሲድኒ ላይ ሲፈተሽ ግን የተበከለውን መኖ የበሉት ሞቱ፤ አብረዋቸው የዋሉት እንደታሰበው አልተያዙም። ሽልማቱም ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፓስተሬላና ዘመዶቹ በጤነኛ እንስሳ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ጥንቸል በጠባብና የሽንት ሽታ በታፈነበት ቤት ስትታጎር፣ በግ በክረምት ብርድና ዝናብ፣ በረሃብ ወይም በረጅም የገበያ መንገድ ሲጎሳቆል ጀርሙ ወደ ሳምባ ይወርዳል።

በአገራችን የእንስሳት ክትባት ማምረቻው ተቋም በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964፣ የደስታ በሽታ ከብት በሚፈጅበት ዘመን ነበር። ያ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ቫይረሱ ከበሽታው በዳነ ከብት ውስጥ መደበቂያ ስላልነበረው ክትባት አሸነፈው። ፓስተሬላ ግን መደበቂያ አለው፤ ዓይነቱም ብዙ ስለሆነ አንዱ ክትባት ሁሉንም አይሸፍንም።

«ተከትቦ ሞተብኝ» የሚል አባል እንግዲህ አልዋሸም፤ ከታቢውም አላታለለውም። ክትባቱ ከክረምቱ ሳምንታት ቀድሞ ካልተሰጠ፣ ጉሮኖውም የሚያፈስና የታፈነ ከሆነ፣ መርፌው ብቻውን በጉን አያድነውም።