ድረ ገጽ እንግዳውን ማስታወስ የጀመረበት ታሪክ



በመሥሪያ ቤታችሁ ካለው ኮምፒዩተር ወይም በእጃችሁ ከያዛችሁት ስልክ አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳታነቡ አንድ ጥያቄ ከፊታችሁ ይደቀናል። ይኸውም ድረ ገጹ «ኩኪ» በሚባል ነገር እንደሚጠቀም ገልጦ መስማማታችሁን የሚጠይቅ ነው። አብዛኞቻችን ጉዳያችን ስለሚያስቸኩለን «እስማማለሁ» የሚለውን ነክተን እናልፋለን፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ አላደረገም። ዛሬ ግን ጥያቄው ከየት እንደ መጣ፣ ስለ ምንስ መጠየቅ እንዳስፈለገ ጥቂት እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአገራችን ካልሆኑ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ድረ ገጽ በተፈጠረበት ጊዜ ትዝታ አልነበረውም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ዓላማው ሊቃውንቱ ጽሑፎቻቸውን በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነበር። አንባቢው ገጽ ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተሩ ገጹን ይልካል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ያው አንባቢ ከደቂቃ በኋላ ሌላ ገጽ ቢጠይቅ፣ ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ሰው ይቀበለዋል እንጂ አያስታውሰውም። በመዝገብ ቤት የሠራችሁ ሁሉ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ባለ ጉዳዩ ትናንት ሁሉን አስረድቶ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ሄዷል፤ ዛሬ ሲመለስ ግን በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ ፊቱንም ስሙንም ረስቶ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ያስነግረዋል። ለምርምር ጽሑፍ ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ለንግድ ግን አይመችም። ገዢው አንድ ዕቃ መርጦ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ የመጀመሪያው ይረሳልና።

በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የተባለ ወጣት ባለሙያ ለዚህ ችግር መፍትሔ አገኘ። መፍትሔውም ለባለ ጉዳዩ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት እንደ መስጠት ያለ ነው። ድረ ገጹ አጭር ጽሑፍ ይልካል፤ የአንባቢው ማሰሻ ያንን ጽሑፍ በአንባቢው ኮምፒዩተር ያስቀምጠዋል፤ በተመለሰም ጊዜ ለድረ ገጹ መልሶ ያሳየዋል። ይህ ቁራጭ ኩኪ ተባለ። ቃሉ ብስኩት ማለት ሲሆን፣ የተወሰደው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ቀድሞ ከሚጠቀሙበት አነጋገር ነው። ሌላም መንገድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ማሰሻ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ሰጥቶ በሄደበት ድረ ገጽ ሁሉ በዚያው እንዲታወቅ ማድረግ ይቻል ነበር። ሞንቱሊ ይህን ያልመረጠው ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ ለመከታተል ያመቻል ብሎ ነው። በእርሱ አሠራር አንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ወረቀት ሌላው መሥሪያ ቤት ሊያነበው አይችልም። ሐሳቡ ያማረ ነበር።

ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ቀረ። ድረ ገጽ እንደ ወረቀት አንድ ወጥ አይደለም፤ ጽሑፉ ከአንድ ቦታ፣ ሥዕሉ ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ማስታወቂያ የሚያቀርብ ኩባንያ ሥዕሉን በብዙ ድረ ገጾች ላይ ከሰቀለ፣ ከሥዕሉ ጋር የራሱን ኩኪ ይልካል። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ያው አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ለሚገባው ሁሉ የራሱን ወረቀት እየሰጠ፣ ቀድሞ የሰጠውንም እያየ፣ «ይህ ሰው ጧት ሐኪም ቤት ነበር፤ ከቀትር በፊት ባንክ ገባ፤ አሁን ደግሞ ፍርድ ቤት መጣ» እያለ ሲመዘግብ አስቡት። ባለ ጉዳዩ ያን ሰው ልብ አላለውም፤ የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ደግሞ ቦታውን አከራይቶታል።

የኢንተርኔትን ደንብ የሚጽፉት መሐንዲሶች ይህን አልሳቱትም። በፌብሩዋሪ 1997 ባወጡት ደንብ፣ ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ በቀር ማሰሻዎች እንዲህ ያለውን የሦስተኛ ወገን ኩኪ እንዳይቀበሉ ጻፉ። ደንቡ ግን የሚያስገድድ ኀይል አልነበረውም፤ ገበያውን የያዙት የኔትስኬፕና የማይክሮሶፍት ማሰሻዎች በሩን ክፍት አድርገው ተዉት። በእኔ አስተያየት የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀው አንድ ማዘዣ ክፍት ሆኖ በመቅረቱ፣ የሚሊዮኖች ሰዎች ልማድ ሳይጠየቁ ተጽፎ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ደብልክሊክ የተባለው የማስታወቂያ ኩባንያ በ1999 አባከስ ዳይሬክት የተባለውን ኩባንያ ከራሱ ጋር አዋሐደ። የመጀመሪያው ሰዎች የጎበኙትን ድረ ገጽ በኩኪ ቁጥር ያውቃል፤ ስማቸውን ግን አያውቅም። ሁለተኛው በፖስታ ዕቃ የሚያዝዙ አሜሪካውያንን ስምና አድራሻ ከግዢያቸው ጋር መዝግቦ ይዟል። ሁለቱ መዝገቦች ሊጋቡ ታሰበ። ሕዝቡ ጮኸ፤ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ምርመራ ከፈተ፤ ኩባንያው በማርች 2000 ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ለማስታወቂያ የሚሆን መዝገብ ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስምና ቁጥር በአንድ ካርድ ላይ ሲገናኙ የሚመጣው ፍርሃት ከኮምፒዩተር የቀደመ ነውና፣ እርሱን ለመረዳት ወደ ሆላንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ሆላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እጅግ የተደራጀ የሕዝብ መዝገብ ነበራት። በየነዋሪው ካርድ ላይ ስሙ፣ የተወለደበት ቀን፣ አድራሻው፣ ሃይማኖቱም ሳይቀር ይጻፍ ነበር። ይህ ሥርዐት የተዘረጋው ለክፋት አልነበረም፤ መንግሥት ነዋሪውን በትክክል አውቆ ሥራው እንዲቃና ነበር። በሜይ 1940 የጀርመን ጦር አገሪቱን በያዘ ጊዜ ካርዶቹ በፊደል ተራ ተደርድረው በየመሳቢያቸው ተቀምጠው አገኛቸው። በሰላሙ ዘመን ማንም ልብ ያላለው የሃይማኖት መስመር፣ አሁን አይሁድን ለይቶ እስከ ቤታቸው ደጃፍ የሚያደርስ ሆነ። ከ100,000 በላይ የሆላንድ አይሁድ በጦርነቱ ጊዜ አለቁ።

በማርች 27 ቀን 1943 ማታ ሠዓሊው ቪለም አሮንዴውስና ቀራጺው ኸሪት ፋን ደር ፌን የመሩት የአርበኞች ቡድን የፖሊስ ልብስ ለብሶ ወደ አምስተርዳም የሕዝብ መዝገብ ቤት ገባ። ዘበኞቹን በመድኀኒት አደንዝዘው አወጧቸው፤ ካርዶቹን ከየመሳቢያው እየጎተቱ በወለሉ ላይ ከመሩ፤ ከዚያም ፈንጂ አጥምደው ወጡ። የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ነገሩ ገብቷቸው ሳይቸኩሉ መጡ፤ እሳት የተረፈውን በውሃ አራሱት ይባላል። ይህም ሁሉ ሆኖ የጠፋው ከካርዶቹ ጥቂቱ ነው። ብዙ ሳይቈይ ተጠቁመው ተያዙ፤ አሮንዴውስን ጨምሮ 12 ሰዎች በጁላይ 1 ቀን 1943 በጥይት ተገደሉ። ሰነድን ከእሳትና ከምስጥ መጠበቅ ለተማርን ሰዎች፣ ደጋግ ሰዎች መዝገብ ቤት ለማቃጠል ሕይወታቸውን እንደ ሰጡ ማንበብ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ይህን መከራ ያመጣችው ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ ለጉዳዩ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች። የሄስ ግዛት በ1970 በዓለም የመጀመሪያውን የግል መረጃ መጠበቂያ ሕግ አወጣ፤ ከአገሮች ደግሞ ስዊድን በ1973 ቀደመች። በ1983 የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሕዝቡን ሊቈጥር ተነሣ፤ ብዙ ሰዎች ግን የተጠየቁት ጥያቄ ከመቍጠር ያለፈ ነው ብለው ከሰሱ። በካርልስሩኸ የሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 15 ቀን 1983 በሰጠው ፍርድ፣ ስለ እርሱ ማን ምን እንደሚያውቅ የማያውቅ ዜጋ በነጻነት ሊኖር አይችልም ሲል ወሰነ፤ ስለ ራሱ የተሰበሰበው መረጃ ለምን ሥራ እንደሚውል በመሠረቱ የሚወስነውም ሰውየው ራሱ ነው አለ። ቈጠራው ዘግይቶ፣ ሕጉም ተሻሽሎ፣ በ1987 ተደረገ።

የአውሮጳ ኅብረት ሕግ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ድረ ገጽ አደረሰው። በ2002 የወጣው መመሪያ ተጠቃሚው ኩኪን እምቢ የማለት መብት እንዲኖረው አዘዘ፤ በ2009 በተሻሻለ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃዱ መጠየቅ እንዳለበት ተደነገገ። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት አጠቃላይ ደንብ እስከ 20 ሚሊዮን ኢሮ ወይም ከኩባንያው የዓለም ዓመታዊ ሽያጭ እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ መቅጣት ስለሚፈቅድ፣ ያ ጥያቄ በየገጹ ላይ በዛ። ነጋዴው ግን ብልኀት አያጣም። አንዱ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳጥን ራሱ አስቀድሞ ምልክት አድርጎበት ያቀርባል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ይህ ፈቃድ አይባልም ሲል በኦክቶበር 1 ቀን 2019 ፈረደ። ሌላው እሺ ለማለት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል ብሎ፣ እምቢ የሚለውን ግን ብዙ በር ያስዞረዋል፤ በዚህ ምክንያት የፈረንሳይ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ኢሮ መቅጣቱን በጃንዋሪ 2022 አስታወቀ። ጉግልም በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ከማሰሻው አስወግዳለሁ ብሎ ቀን ሲቀጥር ቈይቶ፣ በ2024 ሐሳቡን ለወጠ።

በአገራችን የግል ሕይወት መከበር በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ተደንግጓል፤ ዝርዝሩ ግን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ራሱን የቻለ ሕግ አልነበረውም። በዚያ ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢው የሚሰበስብበትን ምክንያት እንዲገልጥ ያስገድዳል፤ ለባለ መረጃውም ስለ እርሱ የተጻፈውን የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጣል። ቁጥጥሩም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ሕጉ ስለ ድረ ገጽ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በየመስኮታችን ባለ ጉዳዩ ሞልቶ የሚመልሰውን ቅጽም ይመለከታል።